2,800 ቃል ሸምድዶ የተጻፈ ደብዳቤ

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ስልኬን ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ይህን ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች ነበር። እንግሊዝኛ የሚማሩና የሚያስተምሩ ሰዎች የሚገናኙበት መድረክ ላይ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ይጠይቃል፣ ሁለት ሦስት ሰው ይመልሳል፣ ነገሩ ያልቃል። ይሄኛው ግን 34 መልስ ደረሰ። መሐል ላይ ተኮራረፉ፣ ስለ ቡና ተጨቃጨቁ፣ ተመልሰው ተገናኙ። ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ። አንዱ መልስ የእኔ ነው፤ ቦታው ሲደርስ አነሳዋለሁ።

ጥያቄውን የለጠፈው ልጅ የመስኖ መሐንዲስ ነው። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር አስቧል። ለዚያ ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ሊወስድ ነው። በሰባት ወር 2,800 የእንግሊዝኛ ቃል ሸምድዷል። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ በኩል አንድ የአማርኛ ቃል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ቆሞ ያነበንበዋል። ታዲያ በቅርቡ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለጻፉለት የቀድሞ መምህሩ በእንግሊዝኛ ምስጋና ጻፈ። ደብዳቤው ላይ መምህሩን "ኖቶሪየስ" አላቸው። በዝርዝሩ ላይ የቃሉ ፍቺ "በጣም የታወቀ" ነበር። መምህሩ አልተቆጡም። ቃሉ በክፉ ሥራው ለታወቀ ሰው እንደሚባል በሁለት መስመር ነገሩት። ልጁ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ እንዲህ መሆኑ አንገብግቦታል። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነበር፦ የበለጠ የከበዱ ቃላት ያሉበት፣ የተሻለ ዝርዝር ያለው ሰው እንዲልክለት።

ሳነበው አዘንኩ። ሰባት ወር ቀላል ጊዜ አይደለም። ልጁ የታመመበትን ነገር በትክክል ተናግሮ፣ መድኃኒት ብሎ የለመነው ያንኑ ነው።

1ኛው መልስ አይዞህ ብሎ የ5,000 ቃል ዝርዝር ላከለት። 2ኛው ለእኔም ይላክልኝ አለ።

ክሩ ነፍስ የዘራው 3ኛው መልስ ላይ ነው። ጸሐፊው ደሴ ውስጥ ረጅም ዘመን እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጋሼ ጠያቂውን ልጄ ብለው ጀመሩ። ችግሩ የቃላቱ ማነስ እንዳልሆነ፣ አንዱን ቃል በአንድ ቃል መመንዘሩ እንደሆነ ነገሩት። ምሳሌውን ከአማርኛ አመጡ። ታዋቂ፣ ዝነኛ፣ ስመ ጥር፣ ስሙ የገነነ፣ ስሙ የወጣ። ፈረንጅ መዝገበ ቃላት ገልጦ ቢያያቸው ሁሉም አንድ ይመስሉታል። እኛ ግን ስመ ጥር አርበኛ እንላለን እንጂ ስመ ጥር ኪስ አውላቂ አንልም። አንዲት ልጅ ስሟ ወጣ ከተባለ እናቷ ታለቅሳለች። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ነው። "ፌመስ" ለማንም ይሆናል። "ኤሚነንት" ለተከበረ ምሁር ነው። "ኖቶሪየስ" ለለየለት ወንበዴ ነው። "ኢንፈመስ" ደግሞ ከፊቱ "ኢን" ስላለው ያልታወቀ የሚል ይመስላል፤ ፍቺው ግን በነውሩ የታወቀ ነው። ይህን ዝርዝር አይናገርም። ቃሉን ሰው ሲሠራበት ማየት ያስፈልጋል ብለው ጨረሱ።

4ኛው በሂሳብ መጣ። 2,800 ለሰባት ወር ቢካፈል በቀን 13 ቃል ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ስንቱ እንደቀረለት ጠየቀው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባለውን ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሰውም አነሳ። ይህ ሰው ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ራሱ እየሸመደደ፣ በስንት ጊዜ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት ለካ። ውጤቱን በ1885 አሳተመ። (ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሸመደደው አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ይጠፋበት ነበር። ከዚያ የተረፈው ግን ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።

5ኛዋ ወዲያው መላውን ሰጠች። ሴባስቲያን ላይትነር የሚባል ሰው በ1972 ያስተዋወቀው የካርድ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ክፍል ክፍል ነው። ያወቅከው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ እዚያ ያለው በየጊዜው እየራቀ ነው የሚታየው። የሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አሁን በስልክ የሚሠራው አንኪ የሚባለው አፕ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ይሠራል። ነገር ግን ሳጥኑ የሚያቆይልህ ያስገባህበትን ነው። "ኖቶሪየስ" ማለት የታወቀ ብለህ ካስገባህ፣ ስህተቱን ዕድሜ ልክህን በደንብ ታስታውሰዋለህ።

6ኛው መልስ ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈችው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። ሙያውን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው። የሕክምና መጽሐፍ ላይ ያሉት የላቲንና የግሪክ ቃላት አይቸግሯትም። ራስን መሳት "ሲንኮፒ" እንደሚባል ታውቃለች። የትንፋሽ ማጠር "ዲስፕኒያ" መሆኑን ታውቃለች። ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ሌሊት ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሕመምተኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ "ፓስድ አውት" ብለው ነገሯት። "ፓስ" ማለፍ ነው፣ "አውት" ውጭ ነው። ሰውየው ወጡ አልፈው ሄዱ ብላ ተረዳች። አጠገቧ ያለችው ባልደረባዋ ደንግጣ ደረሰች። ሽማግሌው የሚሉት ራሴን ስቼ ወደቅሁ ነበር። ደግነቱ ምንም አልሆኑም። እሷ ግን ያን ሌሊት አልረሳችውም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ጻፈች። ኪሷ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዘች። ነጠላ ቃል አትጽፍም። ሐረጉን እንዳለ፣ ማን እንዳለው፣ ምን ሆኖ እንዳለው ትጽፋለች። "ትሩ አፕ" አስመለሰኝ ነው። "ረን ዳውን" ዝያለሁ፣ አቅም የለኝም ነው። እግሬ ተኛ ካሉ እግሬ ደነዘዘ ማለታቸው ነው። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው አንደኛ ክፍል ተምራዋለች። ሲገጣጠሙ ግን አታውቃቸውም ነበር። እኛም ራሱን ሳተ እንላለን። ራስ እና ሳተ የሚሉትን ለየብቻ የሚያውቅ እንግዳ ምን ሊገባው ነው? እህቴ ከልቧ ስለጻፈችው አመሰገንኳት፤ እዚህም ደግሜ አመሰግናታለሁ።

7ኛው መልስ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰ። ለጠያቂው አዘኔታ የለውም፣ ሰላምታም የለውም። ጂአርኢ በ2011 እንደተቀየረ ታውቃለህ ወይ አለው። ድሮ ተቃራኒ ቃል ፈልግ፣ የቃላት ዝምድና አዛምድ የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። ለእነሱ ሽምደዳ ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለቱም ወጡ። አሁን ያለው ባዶ ቦታ ያለው አንቀጽ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ተከትለህ የሚስማማውን ቃል ትመርጣለህ። ስለዚህ ዝርዝርህ የተሠራው ለሌለ ፈተና ነው ብሎ ሄደ። አነጋገሩ አስከፍቶኛል። የተናገረው ግን እውነት ነው፤ ቀደም ብሎ የነገረው ሰው ቢኖር ልጁ ስንት ወር በተረፈው።

8ኛው ቁጥር አመጣ፦ እንግሊዝኛ መጽሐፍና ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 ቃል ያስፈልጋል። 9ኛዋ አረመችው። ቁጥሩ የፖል ኔሽን ነው፣ የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር በ2006 ያወጡት። የቆጠሩት ግን ነጠላ ቃላትን አይደለም፣ የቃላት ቤተሰብን ነው። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ብለን ብንዘረዝር አምስት ይመስላል፤ ቤተሰቡ ግን አንድ ነው። ልኬቱም ከገጹ ላይ ካሉት ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ነው። ይህ ማለት ከ50 ቃል አንዱ ብቻ ሲያስቸግር። 8ኛው ተመልሶ አመሰገናት። እንዲህ ያለ እርማትና እንዲህ ያለ ምስጋና ኢንተርኔት ላይ ሳይ ደስ ይለኛል።

10ኛው ከዚያው አገር ሌላ ሥራ ጠቀሰ። አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው። 3.5 ሚሊዮን ቃል የሚያህል የትምህርት ጽሑፍ ሰብስባ፣ በየሙያው ተደጋግመው የሚመጡትን 570 የቃላት ቤተሰቦች ለየች። ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ አሥር በመቶ ገደማ የሚሸፍኑት እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት፤ 11ኛው መልስ የእኔ ነው። የጻፍኩት ስለነዚህ 570 ነው። ዝርዝሩን ስታዩት ትንቁታላችሁ። "አሲዩም" አለበት፣ "ዲራይቭ" አለበት፣ "ኮንስቲትዩት" አለበት፣ "ኮንቴክስት" አለበት። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ ትላላችሁ። እስቲ በ"ኮንስቲትዩት" አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ብዙዎቻችን እዚያ እንቆማለን። የኛ ትልቁ ክፍተት ሰምተናቸው በማናውቃቸው ቃላት ላይ አይመስለኝም። በግማሽ የምናውቃቸው ላይ ነው። ገጽ ላይ ስናያቸው እናልፋቸዋለን፣ ምክንያቱም ፊታቸው አዲስ አይደለም።

የራሴንም ታሪክ ጻፍኩ። ትርጉም እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ሰነድ መጣልኝ። ሰነዱ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት አንድን ዕቅድ "ሳንክሽንድ" ይላል። ቃሉን ከዜና አውቀዋለሁ፣ ማዕቀብ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በዕቅዱ ላይ ማዕቀብ ጣለ ብዬ ተረጎምኩ። ሰነዱ ግን የሚለው ዕቅዱን አጸደቀ ነበር። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይላል፤ ፈቀደም ይላል፣ ቀጣም ይላል። ስህተቱ የተገኘው ሰነዱ ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው። "ሳንክሽን"ን በጭራሽ ባላውቀው ኖሮ መዝገበ ቃላት እከፍት ነበር። የጎዳኝ የማውቀው መምሰሉ ነው።

12ኛው መልስ ላይ ድባቡ ተቀየረ። ሰውየው ተቆጥቷል። ይህ ሁሉ ፈረንጅ ማምለክ ነው አለ። ልጆቻችን በአማርኛ አንዲት ማመልከቻ በሥርዓት መጻፍ አቅቷቸው፣ እኛ እዚህ ስለ ባዕድ ቃል እንሟገታለን አለ። ጋሼንም አንተ አላቸው። 13ኛዋ በዚህ ተነሳችበት፤ ሐሳብህን ተናገር፣ ግን አባትህን የሚያህሉትን ሰው አክብር አለችው። 14ኛው ወደ ጉዳዩ ሊመልሳቸው ሞከረ። እንግሊዝኛ ምርጫ ብቻ አይደለም አለ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ አድርጎታል። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ባዮሎጂውም ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። 15ኛው መልስ የዚያው የተቆጣው ሰው ነበር። ለጋሼ ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ የጻፈው ግን ልብ ይነካል። የእሱ ልጅ 9ኛ ክፍል ስትገባ ደብተሯ ሙሉ ነበር፤ ምን ማለት ነው ሲላት ግን አንዱንም መናገር አልቻለችም። ከሰሌዳ መገልበጥ ብቻ። ቁጣው ከዚያ እንደመጣ ሳውቅ ለ12ኛው መልስ የነበረኝ ቅሬታ ጠፋ።

16ኛው ላይ ጋሼ ተመለሱ። ምንም እንዳልተሰማቸው ገልጸው፣ የሰውየውን ሐሳብ ግን አልጣሉትም። አማርኛውን አጥብቆ የያዘ ለእንግሊዝኛውም ይቀለዋል ብለው አንድ ነገር አስረዱ፤ ለእኔ የክሩ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው።

አማርኛ ሁለት ልብስ አለው አሉ። የዕለት ልብሱ የራሱ ነው፤ የክት ልብሱን ብዙ ጊዜ ከግዕዝ ይዋሳል። ቤት ውስጥ ሰው እንላለን። ሕግ ስንጽፍ ሰብአዊ መብት እንላለን። ሰብእ ግዕዝ ነው። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ሆነ። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑና የትምህርቱ ላቲን። ገበሬው በቋንቋው ቀጠለ። ላሟ በበረት "ካው" ናት፣ ገበታ ላይ ስትቀርብ "ቢፍ" ትሆናለች፤ "ቢፍ" ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። እጅ "ሀንድ" ነው፣ በእጅ የሚሠራው ግን "ማኑዋል" ነው፤ ላቲን። መጠየቅ "አስክ" ነው፤ "ኩዌስችን" ሲባል መኮሳተር ይጀምራል፤ "ኢንተሮጌት" ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ገብተናል። ስለዚህ ከባድ የሚባለውን ቃል ስታገኝ የዕለት ልብስ የለበሰ ወንድሙን ፈልግ፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ያዝ፤ ያኔ ሁለቱም ያንተ ይሆናሉ አሉ። ስንት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ ይህን በዚህ መልክ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

17ኛዋ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት። የጋሼን ነገር ይዛ አንድ በር ከፈተች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምንሰማቸው የግሪክ ቃላት እኮ የእንግሊዝኛው ዘመዶች ናቸው አለች። ኤጲስ ቆጶስ በግሪክ ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው "ቢሸፕ" ራሱ ከዚህ ቃል ተቆራርጦ የቀረ ነው። የመመልከቻው ሥር "ቴሌስኮፕ" እና "ማይክሮስኮፕ" ውስጥ አለ። ሲኖዶስ አብሮ እና መንገድ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው፣ መሰብሰብ ማለት ነው። ያው መንገድ የሚለው "ኤክሶደስ" ውስጥ አለ፣ መውጫ መንገድ። ለዚህ ነው ኦሪት ዘጸአት በእንግሊዝኛ እንዲያ የሚባለው። ጰንጠቆስጤ ሃምሳኛ ማለት ነው፤ አምስት የሚለው ሥር "ፔንታጎን" ላይ ይገኛል።

18ኛው ቤቱ ውስጥ ሆኖ ጨመረበት። ጠረጴዛ የግሪክ ቃል ነው፣ "ትራፔዛ"። በሂሳብ ክፍል የተማርነው "ትራፒዚየም" ትንሽ ጠረጴዛ ማለት ነው። ያን ቀን ጠረጴዛዬን ደጋግሜ አየሁት። አንድ ቃል እንዲህ ከገባ ማን ይረሳዋል?

ከዚህ በኋላ ከመንገድ ወጡ። 19ኛው "ኮፊ" ከከፋ የመጣ ቃል ነው አለ፤ የኛ ነው ብሎ። 20ኛው ተቃወመ። እንግሊዝኛው ቃሉን ከሆላንዶች፣ እነሱ ከቱርኮች፣ ቱርኮች ከዐረቡ "ቀህዋ" እንደወሰዱት ዘረዘረ። ከዚያ ወዲያ ከከፋ ጋር ስለመገናኘቱ ሊቃውንቱ አልተስማሙም አለ። 21ኛው አገርህን አትውደድ ያለህ ማነው ብሎ ጮኸ። 22ኛው ተክሉ የኛ መሆኑን ማን ካደ፣ ስለ ቃሉ ነው የምናወራው ብሎ መለሰ። 23ኛው ስለ ቡና አፈላል ጻፈ። 24ኛው "ቴፍ" ብለው እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያስገቡት ቃል ግን ያለ ክርክር የኛ ነው አለና ሁለቱንም ወገን አስማማ። 25ኛው የመድረኩ አወያይ ነበር፤ ወደ ጥያቄው ተመለሱ አለ።

26ኛው ስለ ሥር ቃላት ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። ሥር ይረዳል፣ ግን ይዋሻል። የነዳጅ ቦቴ ላይ "ኢንፍላመብል" የሚል ተጽፎ ብታይ፣ "ኢን" አይደለም የሚል ስለመሰለህ ክብሪት እንዳትጭር አለ። ቃሉ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። ሰው እንዳይሳሳት "ፍላመብል" የሚለው አጠር ያለው ቃል እንዲለመድ የተደረገውም ለዚህ ነው። ጋሼ ስለ "ኢንፈመስ" ያሉትንም አስታወሰን። ሥሩ ፍንጭ ይሰጥሃል፤ ፍርዱን የሚሰጥህ ዓረፍተ ነገሩ ነው።

27ኛዋ ቡናውን በመልካም መለሰችው። ካፌ ውስጥ ትሠራለች። እኛ ወፍራም ቡና፣ ቀጭን ሻይ እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቡናው ወፍራም ነው ቢባል ገንፎ ይመስለዋል፤ እሱ ጠንካራ ነው የሚለው፣ "ስትሮንግ"። ዝናብ ደግሞ ኃይለኛ እንላለን፣ እሱ ግን "ሄቪ" ነው የሚለው፣ ከባድ። ቴሌቪዥን እንከፍታለን እንዘጋለን፤ እሱ "ተርን ኦን"፣ "ተርን ኦፍ" ይላል። ስለዚህ ቃል ስትይዝ ከጎኑ የሚቀመጠውን አብራ ትይዛለች። የነርሷን ደብተር ካነበበች በኋላ እሷም ደብተር ጀምራለች።

28ኛው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛን ያጠነከሩት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። የአሜሪካ ድምፅ በ1959 የጀመረው በዝግታ የሚነበብ ፕሮግራም ነበር፤ 1,500 ቃል ገደማ ብቻ ይጠቀም ነበር። በእነዚያ ቃላት የዓለምን ዜና፣ ሳይንሱን፣ ታሪኩን ሁሉ ይናገር ነበር። ጥቂት ቃል በደንብ የያዘ ሰው ብዙ ይናገራል አሉ። 29ኛው በዚህ ተናደደ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባን ልጅ በ1,500 ቃል ተወሰን ማለት በር መዝጋት ነው አለ። ቃላቱ ጠንከር ያሉ ነበሩ። 30ኛዋ ነርሷ ነበረች፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለች። እሷ "ሲንኮፒ"ንም "ፓስድ አውት"ንም ትፈልጋለች፣ አንዱ ለሐኪሙ አንዱ ለሕመምተኛው። በዚህ ቃል እኔም እስማማለሁ። የላቀ የቃላት ችሎታ ማለት ለማን ምን እንደሚባል ማወቅ ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። 31ኛውና 32ኛው ምስጋና ብቻ ናቸው።

33ኛው ላይ ጠያቂው ራሱ ብቅ አለ። ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ ሲያነብ ነበር። ዝርዝሩን አልጣለውም። ከአናቱ ጀምሮ በእያንዳንዱ ቃል ዓረፍተ ነገር መጻፍ ሞከረ፤ ያልቻለበትን ሁሉ አላውቀውም ብሎ ምልክት አደረገበት። ብዙ ምልክት ሆነ። ከዚያ ከባድ ቃል መፈለጉን ተወና በሚወደው ነገር ላይ ማንበብ ጀመረ፤ ስለ ውሃ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ጨዋማነት። አንድ ቃል ደጋግማ መጣችበት፣ "ዪልድ"። የሚያውቃት የሄክታር ምርት ብሎ ነው። ግን የጉድጓድ ውሃ መጠንም "ዪልድ" ነው። መንገድ ላይ ቅድሚያ መስጠትም እሱ ነው። እጅ መስጠትም እሱ ነው። በሳምንት አሥር ቃል ብቻ ይይዛል አሁን፣ ካገኘበት ዓረፍተ ነገር ጋር። ለመምህሩም እንደገና ደብዳቤ ጻፈ። ከመምህሩ ጋር አብሮ በሠራበት አንድ የመስኖ ጣቢያ ላይ ገበሬዎቹ ለድርቁ እንዳልተበገሩ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለበት። ከመላኩ በፊት እንድናይለት ለጠፈው። "ዪልድ ፎር ዘ ድራውት" ይላል።

34ኛው መልስ የጋሼ ነው፤ ሰዓት አልሞላም። ቃሉ በትክክል ገብቷል አሉ። "ፎር" ግን የመጣችው ለድርቁ ከሚለው ከአማርኛው "ለ" ነው፤ እንግሊዝኛው እዚህ ላይ "ቱ" ነው የሚለው። ልጁ ወዲያው አስተካከለና ደብዳቤውን ላከ።